ጆሮ ለሚወጋ አምፕሊፋየር የሚስማማ የጊታር ፒክአፕ አመራረጥ

የምንለማመድባት ክፍል ደብረ ብርሃን ውስጥ ከአንድ ግቢ ጓሮ ያለች፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ወለሏ ሲሚንቶ የሆነች ትንሽ ቤት ናት። እንዲህ ያለ ቦታ ማግኘት ቀላል ስላልሆነ የቤቷ ባለቤት የሆኑት እትዬ የሚሉንን እንሰማለን። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እትዬ ቡና እያፈሉ ጠሩኝና፣ «ልጄ፣ ከበሮው ግድ የለም፣ ለምጄዋለሁ። ያቺ መርፌ የምትመስለው የአንተ ድምፅ ግን ጥርሴን አጠረሰችው» አሉኝ። የጊታሬን ድምፅ ማለታቸው ነው። «እሺ እትዬ፣ እናስተካክላለን» ብዬ ወጣሁ። ያስተካከልኩት ከሰባት ወር በኋላ ነው። በመሀሉ የማይሆን ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን የጊታር ክፍል) ገዝቻለሁ፣ ደህናውን ደግሞ ተጭበረበርኩ ብዬ ልመልስ ነበር። ይህን የምጽፈው በአንድ ቅዳሜ ሊያልቅ የሚችል ሥራ ሰባት ወር እንዳይፈጅባችሁ ነው።

ሹል አምፕሊፋየር የምለው ቀጭኑን ድምፅ ከወፍራሙ አብልጦ የሚያወጣውን ነው። ፌንደር ትዊን ሪቨርብ፣ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ሮላንድ ጄሲ 120፣ ቮክስ ኤሲ 30 በዚህ ጠባያቸው ይታወቃሉ። መጥፎ አምፕሊፋየሮች አይደሉም፤ ንጹሕ ድምፅ ለሚወድ ሰው ከእነሱ የተሻለ ማግኘት ይቸግራል። ችግሩ የሚመጣው ከማይስማማቸው ጊታር ጋር ሲጋቡ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንያዝ። ፒክአፕ ማለት ማግኔትና በዙሪያው ብዙ ሺህ ጊዜ የተጠመጠመ፣ ከፀጉር የማይወፍር የመዳብ ሽቦ ነው። የብረቱ ክር በማግኔቱ መስክ ውስጥ ሲርገበገብ በሽቦው ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈጠራል፤ አምፕሊፋየሩ የሚያጎላው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ፒክአፕ ሁሉንም የድምፅ ከፍታ እኩል አያስተላልፍም። በአንድ ቦታ ላይ ከፍ ይልና ከዚያ በኋላ ቁልቁል ይወርዳል። ያን ከፍታ እኔ ጉብታ እለዋለሁ። አምፕሊፋየሩም የራሱ ጉብታ አለው። ሁለቱ ጉብታዎች አንዱ ባንዱ ላይ ሲደራረቡ የእትዬ ጥርስ ይጠርሳል። ከዚህ በታች የምትሠሩት ሁሉ ይህን መደራረብ ለማስቀረት ነው።

የጊታር የመጀመሪያው፣ ማለትም ቀጭኑ ክር 22ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ከተጋደሙት ብረቶች አንዱ) ላይ ተይዞ ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ 1,175 ኸርዝ (በሰከንድ 1,175 ርግብግብታ) ገደማ ነው። ጆሯችን ይበልጥ ንቁ የሚሆነው ደግሞ ከ2,000 እስከ 5,000 ኸርዝ ባለው መካከል ነው። ስለዚህ የሚወጋን የምንጫወተው ኖታ ራሱ ሳይሆን ከኖታው በላይ የሚንሳፈፈው ቀጭን ድምፅ ነው፤ እሱን መቀነስ ዜማውን አይነካም።

መጀመሪያ አምፕሊፋየሩን መርምሩ

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ጊታራችሁን አንሱና አምፕሊፋየሩ ፊት ቁሙ። አሁን ተንበርከኩና ጆሯችሁን ከስፒከሩ እኩል አድርጉ። ድምፁ ተለወጠ? ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ ወደየአቅጣጫው ሲበትን ቀጭኑን ግን እንደ ባትሪ ብርሃን ፊት ለፊት ይወረውረዋል። አምፕሊፋየሩ መሬት ላይ ተቀምጦ እናንተ ቆማችሁ ስትጫወቱ ሹሉን ድምፅ የሚሰማው ጉልበታችሁ ነው። ለእናንተ የታፈነ ስለሚመስላችሁ ትሬብሉን (የቀጭኑን ድምፅ ማዞሪያ) ትጨምራላችሁ፤ ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው ፍዳውን ያያል። የእኛን ነገር ስመረምር የስፒከሩ ፊት በተከፈተው በር በኩል ቀጥታ ወደ እትዬ የቡና ረከቦት ያነጣጠረ ሆኖ አገኘሁት። አምፕሊፋየሩን ወንበር ላይ ማውጣትና ከበሩ ማዞር ብቻ የስሞታውን እኩሌታ አስቀረው።

ቀጥሎ ማዞሪያዎቹን እዩ። ትሬብልን የሚያጎላ የብራይት ማብሪያ ካለ አጥፉት። ማብሪያ የሌላቸው አንዳንድ አምፕሊፋየሮች ደግሞ ይህን የሚሠራ ካፓሲተር የሚባል ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ ከቮልዩሙ ጋር በቋሚነት ተያይዞባቸዋል። ይህ ካፓሲተር ኃይሉ የሚበረታው ቮልዩሙ ዝቅ ሲል ነው፤ ከፍ ባለ መጠን ይደክማል። ቤት ውስጥ ዝቅ አድርጋችሁ ስትለማመዱ የሚወጋችሁ አምፕሊፋየር መድረክ ላይ ከፍ ሲል የሚለሰልሰው ለዚህ ነው። በለሆሳስ ሰምታችሁ ፒክአፕ አትምረጡ።

ሁለት የጊታር መግቢያ ያለው የፌንደር ዓይነት አምፕሊፋየር ከሆነ ሁለተኛውን ሞክሩ። እዚያ የሚገባው ኃይል በግማሽ ይቀንሳል፤ በፒክአፑም ላይ ጫና ስለሚፈጥር ጉብታው ያጥራል። ይህን ቀዳዳ ለትርፍ የተሠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ከዚያ ትሬብሉን ወደ 3፣ ሚድሉን (የመሀሉን ድምፅ) ወደ 8፣ ቤዙን (ወፍራሙን ድምፅ) ወደ 4 አድርጉና ተጫወቱ። እነዚህ አምፕሊፋየሮች ሁሉም ማዞሪያ 5 ላይ ሲሆን መሀሉ ጎድጉዶ ነው የሚሰማው፤ ስለዚህ 5 ማለት መካከለኛ ማለት አይደለም።

አምፕሊፋየሩን ከፍታችሁ ግን አትነካኩ። በተለይ በመስታወት ቱቦ የሚሠራ አምፕሊፋየር ከኤሌክትሪክ ከተነቀለ በኋላ እንኳ ሰው የሚገድል ኃይል ውስጡ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ካፓሲተሩን ማስነቀል ከፈለጋችሁ ለሚያውቅ ባለሙያ ስጡት።

ክፍሉ ላይ ብዙ አልቆይም። ሲሚንቶ፣ መስታወትና ቆርቆሮ ቀጭን ድምፅን እንደ ኳስ ያነጥራሉ። እኛ ከስፒከሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ሁለት የመንዝ ባና ሰቀልን። የበግ ጠጉር ለብርድ ብቻ አይደለም የተፈጠረው፤ በአንድ ሜዳ ላይ ሁለት ጠላት ይመክታል።

ያለ ወጪ የሚሠራ ሁሉ ይሠራ

አሁን ወደ ጊታሩ እንምጣ። ፒክአፕ ከመቀየራችሁ በፊት ያለው ፒክአፕ በትክክል መቀመጡን አረጋግጡ። እያንዳንዱን ክር የመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ ከክሩ ሥር እስከ ፒክአፑ አናት ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለኩ። ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ ከሆነ በወፍራሙ ክር በኩል 2.4፣ በቀጭኑ በኩል 2 ሚሊ ሜትር ጥሩ መነሻ ነው። ሃምበከር (ሁለት ጥቅል ያለው ፒክአፕ) ከሆነ በብሪጁ (ክሮቹ ከታች በሚያርፉበት ድጋፍ) በኩል ላለው ፒክአፕ 1.6፣ በአንገቱ በኩል ላለው 2.4 ሚሊ ሜትር ይሞከር። ከዚያ በቀጭኑ ክር በኩል ያለውን ብሎን በካቻቢቴ ግማሽ ዙር ግማሽ ዙር እያላላችሁ ስሙ። በእኔ ጊታር ላይ አንድ ሙሉ ዙር ሲወርድ የመጀመሪያው ክር ከመርፌነት ወደ ክርነት ተመለሰ። ብዙ አታውርዱት፤ ሲርቅ ኃይሉም አብሮ ይሸሻል። በጣም ከቀረበ ደግሞ በተለይ ዘንግ ማግኔት ያላቸው ፒክአፖች ክሩን ወደራሳቸው ስበው ቅኝቱን ያዛባሉ፤ ትዝታ ስትጫወቱ ኖታው የሚንቀጠቀጥ ከመሰላችሁ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

የገመዱን ርዝመት አትናቁ። የጊታር ገመድ በአንድ ሜትር በግምት 100 ፒኮፋራድ ያህል ኤሌክትሪክ የማጠራቀም ጠባይ አለው፤ ይህም ከፒክአፑ ጥቅል ጋር ተደምሮ ጉብታው የት እንደሚያርፍ ይወስናል። በስትራቶካስተር (ሦስት ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ ባለው የፌንደር ጊታር) ዓይነት ፒክአፕ ላይ ባለ 3 ሜትር ገመድ ሲሰካ ጉብታው ከ5,000 ኸርዝ ትንሽ በላይ ያርፋል። ገመዱ 6 ሜትር ሲሆን ወደ 4,000 ኸርዝ ይወርዳል። ረጅም ገመድ የሚያደነዝዝ የሚመስለን ለዚህ ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ጉብታው ሲወርድ ጆሮ ይበልጥ ወደሚነቃበት ቦታ ሊገባ ይችላልና፣ «ይልሰልስ ብዬ አባባስኩት» የሚያሰኝ ውጤት ይመጣል። ጉብታን ማውረድ ብቻ አይበቃም፤ ቁመቱንም ማሳጠር ይገባል።

ቁመቱን የሚያሳጥረው ጊታሩ ላይ ያሉት የቮልዩምና የቶን (ቀጭኑን ድምፅ የሚቀንሰው) ማዞሪያዎች የኤሌክትሪክ መቋቋም መጠን ነው። ጀርባቸው ላይ 250 ወይም 500 የሚል ቁጥር ታትሞ ታገኛላችሁ፤ ሺህ ኦም ማለት ነው። በተለምዶ ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ ከ250 ጋር፣ ሃምበከር ከ500 ጋር ይገጠማል። አነስተኛው ቁጥር ጉብታውን ያሳጥራል። ሃምበከር ያለው ጊታራችሁ ከሹል አምፕሊፋየር ጋር ካልተስማማ የቮልዩሙን 500 በ250 መቀየር ከፒክአፕ መቀየር በፊት የሚሞከር ርካሽ መድኃኒት ነው። ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ ላይ 500 ተገጥሞ ካገኛችሁትማ ወንጀለኛው ተገኘ።

ስትራቶካስተር ወይም የእሱ አምሳያ ላላችሁ ደግሞ አንድ ምሥጢር አለ። በቀድሞው አሠራር የብሪጁ ፒክአፕ ከቶን ማዞሪያ ጋር አልተገናኘም፤ ሁለቱ ማዞሪያዎች የአንገቱና የመሀሉ ናቸው። ይበልጥ የሚወጋው ፒክአፕ ልጓም የለውም ማለት ነው። የፒክአፕ መምረጫው ላይ ካሉት ጫፎች የመሀሉን ቶን ከብሪጁ ጋር የምታገናኝ የጣት ርዝመት የማትሞላ ሽቦ በይዳችሁ ማዞሪያውን ወደ 6 አውርዱት። ይህን ሠርተው ፒክአፕ የመግዛት ሐሳባቸውን የተዉ ሦስት ሰዎች አውቃለሁ።

አሮጌ ክር፣ ወፈር ያለ ፕሌክትረም፣ ከብረት ይልቅ ንጹሕ ኒኬል የተጠመጠመበት ክር፤ እነዚህም ያለሰልሳሉ። ሞክራችሁ እለፉ።

ቁጥሩን እንዴት እናንብበው

ይህ ሁሉ ተደርጎ ጥርስ መጥረሱ ካልቆመ አዲስ ፒክአፕ ይገዛል። ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው፤ እኔም የተሳሳትኩት እዚሁ ነው። ማሸጊያው ላይ 16 ኪሎ ኦም (ሺህ ኦም) የሚል ቁጥር አይቼ፣ «ቁጥሩ ከበዛ ድምፁ ይወፍራል» ብዬ ገዛሁ። ገጠምኩት። ኃይሉ በረታ፤ የአምፕሊፋየሩ ድምፅ ቶሎ መሰባበር ጀመረ፤ የተሰባበረ ድምፅ ደግሞ ራሱ አዲስ ቀጭን ድምፅ ይወልዳል። በንጹሑ ሲጫወቱት የታፈነ፣ በኃይል ሲመቱት የሚጮኽ ሆነ። ባቲ ላይ ጣት ሲንሸራተት የምትሰማው ያቺ ትንሽ ልቅሶ ጠፋች።

ኪሎ ኦም የሽቦውን ርዝመትና ቅጥነት እንጂ ድምፁን አይናገርም። ቀጭን ሽቦ ሲጠመጠም ቁጥሩ ይበዛል፤ ድምፁ ግን በዚያው ልክ አይወፍርም። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ፣ ማለትም በተመሳሳይ ሽቦና በተመሳሳይ ቅርጽ የተሠሩትን ለማነጻጸር ይጠቅማል፤ ከዚያ ውጭ ያሳስታል። ጉብታው የት እንደሚያርፍ የሚነግራችሁ ኢንደክታንስ የሚባለው፣ በሄንሪ የሚለካው ቁጥር ነው። አምራቹ ከጻፈው መጀመሪያ እሱን ተመልከቱ። የስትራቶካስተር ዓይነት ፒክአፕ ከ2 እስከ 2.5 ሄንሪ፣ የጥንቱ ዓይነት ሃምበከር ከ4 እስከ 5፣ በኃይል የተጠመጠመው ከ7 እስከ 8 ገደማ ነው። በተለመደ ገመድ ሲሰኩ ጉብታቸው በቅደም ተከተል 4,300፣ 3,000 እና 2,100 ኸርዝ አካባቢ ያርፋል።

የኪሎ ኦሙን ቁጥር ራሳችሁ ለመለካት ጊታሩን መክፈት አያስፈልግም። ገመዱን ጊታሩ ላይ ሰክታችሁ ቮልዩምና ቶኑን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፤ የቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ሁለት ጫፍ በገመዱ ሌላ ጫፍ፣ አንዱን አፍንጫው ላይ፣ ሌላውን አንገቱ ላይ አስነኩ። የቮልዩም ማዞሪያው ስለሚካፈለው ንባቡ ከእውነተኛው ጥቂት ያንሳል።

አሁን ወደ ተጭበረበርኩበት ታሪክ። ሁለተኛውን ፒክአፕ አንድ ወዳጄ ከአዲስ አበባ ላከልኝ፤ ወረቀቱ 8 ኪሎ ኦም ይላል። ታኅሣሥ ነበር፣ ሌሊቱን ውርጭ ጥሎ አድሯል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ እጄን እያሻሸሁ ለካሁት፤ 7.56። አምራቹን ረገምኩ፣ ወዳጄን ደወልኩለት፣ በሚቀጥለው አውቶቡስ ልመልሰው ጠቀለልኩት። ከሰዓት፣ ፀሐይ መስኮቱ ላይ ሲያርፍ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ብዬ ስለካው 7.9 ሆነ። መዳብ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ የመቋቋም አቅሙ 0.39 በመቶ ያህል ይለዋወጣል። ፋብሪካው የለካው በ20 ዲግሪ ነው፤ እኔ የለካሁት በ6። ከወር በኋላ ለሠርግ ጣርማ በርን አልፈን፣ ደብረ ሲናን ወርደን ሸዋ ሮቢት ስንደርስ እዚያው ፀሐይ ላይ ለካሁት፤ 8.4 አለኝ። አንዱ ፒክአፕ ደጋ ላይ ሌላ፣ ቆላ ላይ ሌላ ነው። ለድምፁ የሚያመጣው ለውጥ የለም፤ ለጠብ ግን ይበቃል። ስለዚህ ክፍሉ ሲሞቅ ለኩ።

የትኛው ቤተሰብ ይስማማል

ማግኔቱን እንይ። አልኒኮ ከአልሙኒየም፣ ከኒኬልና ከኮባልት ቅይጥ የሚሠራ ማግኔት ነው። አልኒኮ 5 ጠንካራ፣ አጥቂና ጥርት ያለ ነው፤ ለሹል አምፕሊፋየር የመጀመሪያ ምርጫዬ አይደለም። አልኒኮ 2 ደካማ ነው፣ ድካሙም ጸጋው ነው፤ የአመታቱን ጫፍ ያለሰልሳል፣ መሀሉን ያሞቃል። የወፍራሙን ክር ድምፅ ትንሽ ስለሚያላላው ግን ቤዝ የሚያበዛ አምፕሊፋየር ላይ የአንገቱ ፒክአፕ ሊያጉረመርም ይችላል፤ መፍትሔው በወፍራሙ ክር በኩል ዝቅ ማድረግ ነው። አልኒኮ 4 በመሀል የሚቆም አስታራቂ ነው። ሴራሚክ ኃይለኛና ጥብቅ ነው። በርካሽ ጊታሮች ፒክአፕ ሥር የምታዩት ጥቁር ጡብ የመሰለ ማግኔት እሱ ነው።

በስትራቶካስተር ዓይነት ጊታር ላይ ሦስቱንም አትቀይሩ። የብሪጁን ብቻ፣ ከሌሎቹ በርከት ብሎ በተጠመጠመ፣ ከ7 እስከ 8 ኪሎ ኦም በሆነ ባለ አልኒኮ 2 ቀይሩት። የአንገቱ ፒክአፕ ክሩ በሰፊው ከሚወዛወዝበት ቦታ ስለሚሰማ በተፈጥሮው ወፍራም ነው፤ ጥፋት የለበትም።

በ1946 እ.ኤ.አ. በጊብሰን ኩባንያ የወጣው ፒ 90 የሚባለው ፒክአፕ የእኔ ፍቅር ነው። አንድ ጥቅል ብቻ ሆኖ ሰፊ ነው፣ ወደ 10,000 ዙር ይጠመጠማል፣ መሀሉ ሙሉ ነው። ሹል አምፕሊፋየር የሚጎድለውን በትክክል ያመጣለታል። ነውሩ ማጉረምረሙ ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ ሁሉ ያንን ጉርምርምታ ይለቅማል፤ የመሬት ሽቦ በሌለው አዳራሽ ውስጥ ከፍሎረሰንት መብራት አጠገብ ስትቆሙ ከዘፈኑ ይልቅ ጉርምርምታው ይሰማል። የምትጫወቱበት ቦታ መስመሩ ደህና ከሆነ ፒ 90 ግዙ፤ እያንዳንዱ ቅዳሜ ሌላ ቀበሌ ሌላ ድንኳን ከሆነ ይቅርባችሁ። በነገራችን ላይ ክሩንና ማይክሮፎኑን ባንድነት ስትነኩ የሚነዝራችሁ ከሆነ የመሬት ሽቦው የለም ማለት ነው፤ መጫወት አቁሙ።

ሃምበከርን ጊብሰን ቤት የሠራው ሴዝ ላቨር የሚባል ሰው ነው፤ በ1955 እ.ኤ.አ. ለፈጠራ መብት አመለከተ፣ በ1957 ጊታሮች ላይ መገጠም ጀመረ። ሁለት ጥቅሎች በተቃራኒ አቅጣጫ ተያይዘው አንዱ የለቀመውን ጉርምርምታ ሌላው ያጠፋዋል። ለድንኳን ሠርግ የምመርጠው ይህን ነው፤ ከ7.5 እስከ 8.5 ኪሎ ኦም፣ አልኒኮ 2። እንደ ሲይሞር ዳንከን አልኒኮ 2 ፕሮ ያሉት በዚህ መደብ ውስጥ ናቸው። በ1972 እ.ኤ.አ. በዲማርዚዮ የወጣውን ሱፐር ዲስቶርሽን የመሰሉ ባለ ሴራሚክ ኃይለኞች የተሠሩት አምፕሊፋየሩን ገፍተው ድምፁን እንዲሰባብሩ ነው። ሮክ ለሚጫወት ሰው መልካም፤ ንጹሕ ድምፅ ለሚፈልግ ግን ኃይል በገንዘብ ገዝቶ በማዞሪያ እንደ መቀነስ ነው።

ፊልተርትሮንና ሚኒ ሃምበከር የሚባሉት ፒክአፖች የሃምበከር ወገን ቢሆኑም ከሙሉው ሃምበከር የጠሩና የቀጠኑ ናቸው። ፊልተርትሮን 4 ኪሎ ኦም ገደማ ነው። ሁለቱም ለሹል አምፕሊፋየር አይታዘዙም። በባትሪ የሚሠሩት ፒክአፖች ደግሞ የገመድ ርዝመት ስለማይነካቸው ከላይ የነገርኳችሁን የገመድ ዘዴ ያሳጧችኋል።

ምን እንደምትጫወቱም ቆጠራ ውስጥ ይግባ። እኛ ጋ ሊድ ጊታር በአብዛኛው አንድ አንድ ኖታ እየመታ እንደ ክራር ዜማውን ተከትሎ ይሄዳል፤ ከሳክስፎን፣ ከኪቦርድና ከዘፋኙ ጋር ይጋፋል፣ በላዩ ላይ እልልታው አለ። እልልታ የሚገኘው ከላይ ነው። ከእልልታ ጋር በቀጭን ድምፅ የሚወዳደር ጊታር አይሰማም፣ ያደክማል እንጂ። ቦታው መሀሉ ነው። በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ቅኝት ጠጋ ብለው የሚገኙት ኖታዎች ተለይተው የሚሰሙትም መሀሉ ሙሉ ሲሆን ነው። ኮርድ ብቻ እየመታችሁ ዘፋኝን የምታጅቡ ከሆነ ግን ትንሽ ሹልነት ይጠቅማችኋል፤ ባለ አንድ ጥቅሉን ይዛችሁ ቶኑን ዝቅ አድርጉ።

ከማዘዛችሁ በፊት ለኩ

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። የማይገባ ፒክአፕ ለመመለስ ደርሶ መልስ መሄድ ደግሞ ከፒክአፑ ይብሳል። ስለዚህ የጊታሩን ሽፋን ፍቱና የጉድጓዱን ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀት ለኩ። ከመጀመሪያው እስከ ስድስተኛው ክር መሀል ለመሀል ያለውን ርቀት ብሪጁ ፒክአፕ ላይ ለኩ፤ ሃምበከሮች በአብዛኛው ወደ 50 ወይም ወደ 53 ሚሊ ሜትር በሚጠጋ ስፋት ይሠራሉ። ለአንገትና ለብሪጅ የተሠሩት ይለያያሉ፤ የአንገቱን ብሪጅ ላይ ብትገጥሙት ይደክማል። የብረት ክዳን ካለው ከኒኬል ብር (ብር የሚመስል የኒኬልና የመዳብ ቅይጥ) ይሁን፤ የናስ ክዳን ድምፁን ከሚገባው በላይ ያፍነዋል። እርግጥ አምፕሊፋየራችሁ እጅግ ሹል ከሆነ ይህ ጉድለት ወዳጅ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ርካሽ ባለ ናስ ክዳን ፒክአፕ ከሹል አምፕሊፋየር ጋር ውብ ሆኖ ሰምቻለሁ።

አሁን ያለው ሃምበከራችሁ ባለ ሴራሚክ ከሆነና የእጅ ሥራ የማትፈሩ ከሆናችሁ ማግኔቱን ብቻ መቀየርም ይቻላል። ከሥር ያሉትን አራት ብሎኖች አላልታችሁ ማግኔቱን ወደ ጎን ገፍታችሁ ታወጡታላችሁ። ከማውጣታችሁ በፊት አንዱን ጎን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበትና አዲሱን ከእሱ ጋር አስጠጉት፤ የሚገፋፉበትንና የሚሳሳቡበትን ጎን አውቃችሁ በዚያው አቅጣጫ አስገቡ። የተጠመጠመውን ሽቦ በጥፍር እንኳ አትንኩት፤ ከተበጠሰ አለቀ።

ሲገጠም

ገና ሳትፈቱ ያለውን የሽቦዎች አያያዝ በስልካችሁ ከሦስት አቅጣጫ ፎቶ አንሱ። ክሮቹን አላሉ፣ ሽፋኑን ክፈቱ፣ ጊታሩ ላይ ያረጀ ፎጣ አንጥፉ፤ የብየዳ ካውያ ጠብታ ቀለሙን ይበላዋል። የቀድሞውን ፒክአፕ ሽቦዎች በካውያው አሙቃችሁ ንቀሉ። አዲሱ አራት ቀለም ሽቦ ካለው በቀለሙ አትመኑ፤ የቀለሙ ትርጉም ከአምራች አምራች ይለያያል፣ ከፒክአፑ ጋር የመጣውን ወረቀት ተከተሉ። የመሬቱ ሽቦ ማዞሪያው ጀርባ ላይ ይበየዳል፤ እዚያ ብረቱ ሰፊ ስለሆነ ካውያው በደንብ መጋል አለበት። ፈዛዛና ጎርበጥባጣ ሆኖ የደረቀ ብየዳ አልያዘም፤ ድገሙት። የሚያብለጨልጭ ለስላሳ ጠብታ ነው የሚፈለገው።

ክር ሳትገጥሙ ገመዱን ሰክታችሁ በካቻቢቴ ጫፍ እያንዳንዱን ፒክአፕ ነካ ነካ አድርጉ፤ «ቷ» ካለ ሕያው ነው። ክር ከገጠማችሁ በኋላ መምረጫውን ሁለት ፒክአፖች ባንድነት ወደሚሰሙበት ቦታ አድርጉ። ድምፁ በአፍንጫ የሚወጣ፣ ቤዝ የሌለው፣ ከእያንዳንዱም የደከመ ከሆነ ሁለቱ ተቃርነዋል ማለት ነው። የአንዱን ፒክአፕ ሁለት ሽቦዎች አቀያይራችሁ በይዱ። የብረት ክዳን ያለው ከሆነ ግን ክዳኑ ከመሬት ሽቦው ጋር መቆየቱን አረጋግጡ።

ከፍታውን ከላይ በሰጠኋችሁ መነሻ አስተካክሉና በስልክ ቅረጹ። ስልኩን አምፕሊፋየሩ አጠገብ ሳይሆን አድማጭ በሚቀመጥበት ቦታ አኑሩ። በዚያው ማዞሪያ፣ በዚያው ገመድ፣ ያንኑ አንድ የትዝታ መግቢያ ከመቀየሩ በፊትና ከተቀየረ በኋላ ቅረጹ። ጆሮ አዲስ ነገር ሲሰማ ይደሰታልና በመጀመሪያው ቀን አትፍረዱ፤ ሁለት ሦስት ልምምድ አድርጋችሁ ቅጂውን ጠዋት ስሙት። እኔ ቅጂዎቹን ለእትዬ አሰማኋቸው፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ሁለተኛውን ሰምተው፣ «ይኼ ክራር ነው እንዴ?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ምንም አልነካሁም።

የወጣውን ፒክአፕ አትጣሉት። ሽቦውን ጠቅልላችሁ፣ ከየትኛው ጊታርና ከየትኛው ቦታ እንደወጣ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ፣ ከብሎኖቹና ከስፕሪንጎቹ ጋር በላስቲክ ቋጥራችሁ አስቀምጡት። ጊታሩን መሸጥ ስትፈልጉ ገዢው የፋብሪካውን ሊጠይቅ ይችላል።